ቁልፎርድ

"ስም?" አለኝ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል ከመስኮቱ።
ዘምዘም።
"የአባት?"
ሁሌም እዚህ ላይ ነው የሰልፉ መጎተቱ።
ክሊፎርድ።
ጣቱ ቆመ። ከኋላዬ ሕዝቡ አጉረመረመ፣
የደሴ ጉም በበሩ ገብቶ ወለሉ ላይ ተጋደመ፣
እሱ ተራ አይጠብቅም፤ ዛሬም ሁሉን ቀደመ።

"ክሊ... ምን? እስላም ነው ክርስቲያን?"
ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ
እንድሪስ ወልደ ሰንበት ይላል።
ዝም ብዬ ባጁን አየሁ። እሱም አየው። ሳቅ አለ።

አያቴ ይመር፣
ጣልያን በወጣ ማግስት፣ የጭነት መኪና ረዳት፤
ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ባለበት ሌሊት፣
አንድ እንግሊዝ ነበር አሉ፣ ጺሙ ቀይ፣ ንግግሩ ስድብ ብቻ፣
ከጎማ ሥር ድንጋይ እየወተፈ አብሮት ወረደ እስከ ኮምቦልቻ።
ሲለያዩ አንድ ቁልፍ ሰጠው፣ ባለ አሥራ ሰባት፤
ስሙንም ነገረው፣ አንዴ ብቻ፣ በሞተሩ ጩኸት።
ክሊፎርድ አለ እንግሊዙ። አያቴ የሰማው፦ ቁልፍ ፎርድ።
መኪናዋም ፎርድ ነበረች፤ ታዲያ ምኑ ያስፈርድ?

ወንድ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ ሳላይሽ ሰፈር፣
ሼሁ "ማን ይባል?" ቢሉ፣
"ቁልፎርድ" አለ ይመር።
ጥቂት አሰቡና "ቁልፍ ደግ ነው" አሉ፣
"የሪዝቅ ደጅ፣ የጀነት ደጅ፣ በቁልፍ አይደል ሁሉ?"

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤
የአባቴ መልአክ ግን ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር።

ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ፣
ቁልፍ ሲቀርጽ ኖረ፤ ሞረዱ ሲጮህ ጥርስ የሚያሳቅቅ።
የደሴን ጓዳ ያውቃል፣ የማን ሣጥን እንደማይዘጋ፣
የቱ ባል ከደጅ እንዳደረ፣ ቁልፍ ጠፍቶት እስኪነጋ፤
በሳሙና የታተመ የወንድሙን ቁልፍ ይዞ ማን እንደመጣ፣
ስንት ብር ቆጥሮለት፣ ባዶ እጁን እንደወጣ።
አንድ አመል ነበረችው፦
ሦስተኛዋን ጥርስ ሲቀርጽ እጁ ትንሽ ታዘማለች።
ቁልፉ ግን ይከፍታል።

አንድ ቀን የወይዘሮ ስሕን አስተማሪ፣ ጋሽ ደምሰው፣
ስሙን ሰምቶ ሳቀ፤ በማግስቱ ወፍራም መጽሐፍ ተሸክሞ መጣ።
"እነሱ ዘንድ የዘር ስም ነው፤ ለልጅም ያወጡታል።
ፍቺው፦ ገደል ሥር ያለ የወንዝ መሻገሪያ።"
አባቴ ሞረዱን አስቀመጠ።
ወደ አዝዋ ገደል አየ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ቦርከና ወዳለበት።
"ታዲያ ሰውየው የዚሁ አገር ሰው ነዋ" አለ።

ጋሽ ደምሰው ስመ ጥሮቹን አነበበ፦
መርከብ አዝምቶ ባሕር ላይ የዘረፈ መስፍን፣
ጠፈር ራሱ ይጎብጣል ብሎ አስልቶ፣ በጎልማሳነቱ ያረፈ ሊቅ፣
መለከት ነፊ ጥቁር ልጅ፣ በሃያ አምስት ዓመቱ፣ በመኪና አደጋ...
አባቴ እዚህ ላይ አቋረጠው።
"ፍሬን ነው?"
"መጽሐፉ አይልም።"
"ፍሬን ነው" አለ አባቴ። ያን ቀን ቀደም ብሎ ዘጋ።

የሐረጎው ሰው መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም።
የፒያሳውም የለ።

እነሱ ስምን እንደ ርስት ያወርሳሉ፣ መቶ ዓመት፣ ሁለት መቶ፤
የኛ ስም ሁለት ወንዝ ይሻገርና ይቀራል፣ ተሸካሚው ደክቶ።
ልጄ የአባቱን ስም ይዟል፣ የአያቱንም በዚያው በኩል፤
ክሊፎርድ እኔ ላይ ደርሶ ቆሟል፣ ማዶውን እያየ።

"በላቲን ፊደል እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለ ጸሐፊው።
አላውቅም። ጋሽ ደምሰውም ከሞተ ቆየ።
እንደ መሰለው ጻፈና መስታወቱን ወደ እኔ አዞረው፦
ከቁልፍ ጀምሮ በፎርድ ያልቃል።
አገሩ ቢመለስ ማንም አያውቀው፣ ባለ ጺሙም ጭምር።
"ላርመው እንዴ?"
"ተወው።"

ማኅተም ሊያወጣ መሳቢያውን ከፈተ።
ቁልፉን አየሁት፣ በመስኮቱ በኩል፣
ሦስተኛዋ ጥርስ ዘመም ያለች።
ምንም አላልኩም።
ከኋላዬ ያለችው ሴት በክርኗ ገፋችኝ።